ለሁለቱም ወገን ያልተመቸው መምህር፦ ዘርዓ ያዕቆብ

ፍልስፍና ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው ወደ ግሪክ አገር ነው የምንሮጠው። ሶቅራጥስ፣ ፕላቶ፣ አሪስቶትል እያልን ስም እንደረድርና ማን የማን ተማሪ እንደ ነበረ፣ ለፈተና ያጠናነውን ያህል ተናግረን እዚያው ላይ እናቆማለን። ስሞቹ ከኑሯችን የራቁ ስለሚመስሉን ፈላስፋ ማለት ጢሙን ያንዠረገገ፣ ከድንጋይ የተጠረበ ሐውልት ሆኖ ይታየናል። በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሰው ግን ሐውልት አልነበረውም። የአክሱም ድኻ ገበሬ ልጅ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት አድጎ መምህር የሆነ፣ በማስተማሩም ምክንያት ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከትውልድ አገሩ የተሰደደ ሰው ነው። ስሙ ዘርዓ ያዕቆብ ይባላል። ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር እንዳታምታቱት አደራ፤ ንጉሡ የነበሩት በ15ኛው መቶ ዓመት ሲሆን የእኛ መምህር የተወለደው እሳቸው ካለፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። የዚህን ሰው ሕይወት የምናውቀው «ሐተታ» ከሚባለው የግዕዝ ድርሰቱና ደቀ መዝሙሩ በመጨረሻ ካከላት ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ድርሰቱን በእርግጥ እሱ ነው ወይ የጻፈው የሚል ክርክር ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። ወደ ክርክሩ ኋላ እንመለስበታለን። ለጊዜው መጽሐፉ የሚለውን እንከተል። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ1599 በነሐሴ ወር ተወለደ። የክርስትና ስሙ ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ ሰፈርተኛው ግን ወርቄ ይለው ነበር። አባቱ ድኻ ቢሆኑም ልጃቸውን ለትምህርት ሰጡት። ዳዊት ደግሞ ሲጨርስ መምህሩ ልጁ ብሩህ መሆኑን ለአባቱ ነገሩና ወደ ዜማ ቤት ተላከ። እዚያ ግን አልቀናውም። ድምፁ ሻካራ ነበረና ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ከሦስት ወር በላይ አልዘለቀም። እያዘነ ወጥቶ ወደ ሌላ መምህር ሄደና ቅኔና ሰዋስው ጀመረ። እዚህስ ከባልንጀሮቹ ሁሉ ቀድሞ የሚይዝ ሆነ፤ አራት ዓመት ተቀመጠ። በዜማ የሳቁበት ልጅ በሰዋስው በለጠ ማለት ነው። አንድን ልጅ በአንድ ትምህርት መዝነን ደደብ ነው ለማለት የምንቸኩል ሰዎች ይቺን ቦታ ደግመን ብናነባት አይከፋም።

በዚያው ዘመን ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ገደል ገባ። ምንም ሳይሆን ተረፈ። ከሞት የተረፈ ልጅ እግዚአብሔርን አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሱም አመስግኗል። ነገር ግን ረዥም ገመድ አምጥቶ የገደሉን ጥልቀት ለካው። 25 ክንድ ከስንዝር ሆነ። ተአምር ነው ብሎ አመነ፣ ለካውም። እንግዲህ ኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚህች ገመድ የተጀመረ ይመስለኛል።

ከቅኔው በኋላ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ገብቶ 10 ዓመት ተማረ። የተማረውም የአገሩን ሊቃውንት ትርጓሜ ብቻ አልነበረም፤ ፈረንጆቹ እንዴት እንደሚተረጉሙ ጭምር ነው። ብዙ ጊዜ የሁለቱም ፍቺ ከልቡ አልገጥም ይለው ነበር። ቢሆንም ዝም አለ፤ ሐሳቡን በሆዱ ይዞ ተቀመጠ። ይህን ዝምታ ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ጊዜው ክፉ ነበር። የፖርቱጋልና የስፔን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ወደ ቤተ መንግሥቱ ቀርበው፣ ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበላቸውን በይፋ አሳወቁ። በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ የሚባለው የካቶሊክ ፓትርያርክ አገር ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው እምነት፣ ጾሙና በዓሉ ሁሉ እንዲለወጥ በአዋጅ ተጫነ። ሕዝቡ ሸፈተ፤ ደም ፈሰሰ። የአንድ አባትና እናት ልጆች እንኳ በሃይማኖት ተለያይተው የተፋጁበት ጊዜ ነው።

ዘርዓ ያዕቆብ ወደ አክሱም ተመልሶ ማስተማር የጀመረው ይህ ሁሉ በሚግልበት ወቅት ነው። አራት ዓመት አስተማረ። እንዴት መሰላችሁ የሚያስተምረው? አንድ የመጽሐፍ ቃል ያነብና ፈረንጆቹ እንዲህ ብለው ይፈቱታል፣ የእኛዎቹ ደግሞ እንዲህ ይሉታል ብሎ ሁለቱንም በየተራ ያስረዳል። ይህ ትክክል ነው፣ ያኛው ስሕተት ነው አይልም። እኛ ደጎች ብንሆን ሁሉም ደግ ነው ብሎ ያልፋል።

ዛሬ ላይ ሆነን ስንሰማው ይህማ የማስተማር ዘዴ ነው፣ ምን ክፋት አለው እንላለን። በዚያን ጊዜ ግን ሁለቱም ወገን ጠላው። የአገሩ ሰዎች ፈረንጅ ሆኗል አሉ፤ ፈረንጆቹ ደግሞ በውስጡ ከእነሱ ወገን ነው ብለው ጠረጠሩት። አንዱን ይዞ ሌላውን ቢሳደብ ኖሮ ቢያንስ ግማሹ ሰው ይደግፈው ነበር። እሱ ግን ከሁለቱም አላገኘም።

እኛም እኮ ከዚህ ሩቅ አይደለንም። እዚህ ጌጫም ሆነ ማሻ፣ ቴፒም ሆነ ሚዛን የምንገባበት ክፍል ውስጥ ባንድ አግዳሚ ላይ የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንት፣ የካቶሊክና የእስላም ልጆች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። አንዱ እጁን አውጥቶ፣ ታዲያ መምህር፣ የቱ ነው ልክ ብሎ የሚጠይቅበት ቀን አይቀርም። በትምህርት ዕቅዳችሁ ላይ ለዚህ ጥያቄ የተያዘ ደቂቃ የለም። ዘርዓ ያዕቆብ አራት ዓመት ሙሉ የቆመው በዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

በመጨረሻ ወልደ ዮሐንስ የሚባል፣ ለንጉሡ ቅርብ የሆነ የአክሱም ሰው ከሰሰው። ክሱ የትርጓሜ ነገር አልነበረም። ሕዝቡን አሳምፆ ንጉሡን ሊያስገድል፣ ፈረንጆቹን ሊያስባርር ነው ተባለ። የመምህርን ነገር ማጣመም ላሰበ ሰው ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው፤ ያስተማረውን ትቶ ያላለውን መክሰስ። ዘርዓ ያዕቆብ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገባው። ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ብቻ ይዞ በሌሊት ጠፋ።

ወደ ሸዋ ለመሄድ አስቦ ሲጓዝ በተከዜ በኩል ሰው የማይኖርበት በረሓ አገኘ። ከጥልቅ ሸለቆ ሥር ዋሻ ነበር። እኛ የሸካ ደን ስናይ ያደግን ሰዎች፣ መሸሸጊያ ሲባል የሚታየን ግንዱ በሽበት የተሸፈነ ዛፍና ቀን የማያቋርጥ ዝናም ነው። ያ አገር እንደዚህ አይደለም፤ ድንጋይ፣ እሾህና ሙቀት ነው። አውሬ እንዳይበላው በድንጋይና በእሾህ አጠረው። ሁለት ዓመት እዚያ ተቀመጠ። አንዳንድ ጊዜ ወደ ገበያ ወይም ወደ መንደር ወጣ ሲል ሰዎች የሚለምን ባሕታዊ መስሏቸው የሚበላውን ይሰጡታል። ከየት እንደ መጣ፣ ወዴት እንደሚመለስ አያውቁም።

ፍልስፍናው የተጀመረው በዚህ ዋሻ ነው። ቀን ከሌት ዳዊቱን ይደግም ነበር፤ አንድ ቀን ግን ጸሎቱን አቁሞ ለመሆኑ የሚሰማኝ አለ ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ሐተታ ማለት ይኸው ነው፤ መመርመር፣ እያገላበጡ መጠየቅ። ራሴን የፈጠርሁት እኔ አይደለሁም አለ። ወላጆቼ ናቸው ቢባል እነሱንስ ማን? የእነሱንስ ወላጆች? እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ፣ ራሱ ያልተፈጠረ አንድ መጀመሪያ ከሌለ ምንም ሊኖር እንደማይችል ደመደመ። የሚያስብ ፍጡር የፈጠረ አምላክ ራሱ ሳያስብና ሳይሰማ ሊቀር አይችልም ብሎ ወደ ጸሎቱ ተመለሰ። እንግዲህ ሰውየው ከሓዲ አልነበረም። ይህን የምለው፣ ፈላስፋ ሲባል እምነት የለሽ ማለት የሚመስለው ሰው መካከላችን ስላለ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። በመጻሕፍት የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው ወይ? ሊቃውንትን ብጠይቅ ምን ይሉኛል ብሎ አሰበ። ፈረንጁም የእኔ ነው ትክክል ይላል፤ የአገሬውም የእኔ ነው ይላል፤ እስላሙም አይሁዱም እንዲሁ። ሁሉም ተከራካሪ ከሆነ ዳኛው ማን ሊሆን ነው? ማር ገዝታችሁ ታውቁ እንደሆነ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። በገበያ ቀን አምስት ሰው ማር ይዞ ይቀመጣል። አምስቱም የእኔ ንጹሕ ነው፣ ያኛው ስኳር የነካው ነው ይላሉ። ሻጮቹን ሻጮቹ ራሳቸው እንዲዳኟቸው ብትጠይቁ እስኪመሽ ትቆማላችሁ። በጣታችሁ ነክታችሁ መቅመስ አለባችሁ። ምላስ ለማር እንደ ሆነው ሁሉ፣ ዘርዓ ያዕቆብ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የእውነት መቅመሻ ሰጥቷል አለ። ልቡና ብሎ ጠራው። ልቡና ለአክሱም ሰው ብቻ ወይም ለሮም ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ያልተማረውም አለው። ታዲያ ሰው ለምን ይሳሳታል ቢባል፣ መልሱ መመርመር አድካሚ ስለሆነ ነው የሚል ነው። ሰው ከአባቶቹ የሰማውን ሳይመረምር መያዝ ይቀለዋል።

በዚህ መቅመሻ ብዙ ነገር ቀመሰ፤ ማንንም አላለፈም። መነኮሳት ጋብቻን መናቃቸውን ተቸ፤ የጾምን ሥርዓት ተቸ፤ ሴትን በወር አበባዋ ርኩስ የሚያደርገውን የኦሪት ሕግ ተቸ፤ በአንድ ወንድ ላይ ብዙ ሴት ማግባትን ተቸ፤ ሰውን እንደ ከብት መሸጥና መግዛትን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ አወገዘ። ሰው ሁሉ በፈጣሪው ፊት እኩል ነው የሚለው ሐሳብ የድርሰቱ ምሰሶ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ የማንንም አንባቢ ቅር የማያሰኝ ነገር ያለ አይመስለኝም፤ እኔንም አንድ ሁለት ቦታ ጎርብጦኛል። ስለ ጾም የሚለውን ለምሳሌ አልቀበለውም። እሱም ቢሆን መርምሩ እንጂ ተቀበሉ አላለም።

ያን ጊዜ በአውሮፓ ከእሱ በሦስት ዓመት የሚበልጥ ሬኔ ዴካርት የሚባል ፈረንሳዊ፣ የተማረውን ሁሉ በጥርጥር መርምሮ ከመጀመሪያው ለመነሣት ሲጥር ነበር። እሱንም ያስተማሩት ኢየሱሳውያን ናቸው። የዴካርት የታወቀው መጽሐፍ በ1637 ታተመ። ሁለቱ አይተዋወቁም፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አላየም። መንገዳቸው ግን ይቀራረባል፤ ስለዚህ ነው የውጭ አገር ሰዎች ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ሲጽፉ ዘወትር ዴካርትን የሚያነሡት። እኔ ልዩነቱ ይበልጥብኛል። ዴካርት ስለ ጥርጥሩ ሲያስብ ሙቅ ቤት ውስጥ ነበር፣ ማንም አላሳደደውም።

በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፣ በዚያው ዓመትም ዐረፉ። የአባቶች ሃይማኖት ተመለሰ። ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ ወደ እንፍራንዝ ሄደ። ሀብቱ የሚባሉ ባለጸጋ ጽሕፈቱን አይተው ወደዱለትና ዳዊት እንዲጽፍላቸው ቀጠሩት። እንግዲህ ከመምህርነት ወደ ቁም ጸሐፊነት ማለት ነው። በብራናና በቀለም ኑሮውን አቀና፤ የሀብቱንም ልጆች ያስተምር ጀመር።

በዚያ ቤት ሒሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልከ መልካም አልነበረችም ይላል ሳይደብቅ፤ ጠባይዋ የተመሰገነ፣ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች። ሊያገባት ፈለገና ጌታዋን ጠየቀ። ሀብቱ ፈቀዱ፤ ከእንግዲህ የአንተ ገረድ ናት አሉት። አይሆንም አለ። ገረድ ሳይሆን ሚስት ነው የምፈልገው፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ጌታና ገረድ ልንባል አይገባም ብሎ መለሰ። ይህ ብቻ አይደለም፤ ጌታዋ ስለፈቀዱ አበቃ ሳይል ሒሩትን ራሷን ፈቃድዋን ጠየቃት። እሷም እሺ አለች። በዋሻ ውስጥ ስለ ሰው እኩልነት ማሰብ አንድ ነገር ነው፤ የሚያኖርህን ባለጸጋ ፊት ለፊት ቆሞ በቤቱ ገረድ ጉዳይ ማረም ግን ሌላ ነገር ነው። ከሐተታው ሁሉ ይህን ገጽ ነው የማስበልጠው። ወንድ ልጅ ወለዱ፤ በደስታ ኖሩ።

አሁን ወደዚያ ዝምታ ልመለስ። ዘርዓ ያዕቆብ እንፍራንዝ ውስጥ ያሰበውን በአደባባይ አላስተማረም። ሰዎች ደኅና ክርስቲያን ነው ይሉታል፤ እሱም እንደ እነሱ ይኖራል። በልቡ ያለውን አይናገርም። ይህንንም ራሱ ተናዟል፤ እንዳይገድሉት መፍራቱን አልሸሸገም። እንዴ፣ ታዲያ ይህ ግብዝነት አይደለም ወይ? ይህን ጥያቄ በመምህራን መካከል አንሥታችሁ ብታዩ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ፣ መምህር ያመነበትን ካልተናገረ ምኑን መምህር ሆነ ይላል። ሌላው፣ የሞተ መምህር ማንንም አያስተምርም ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። በአክሱም ያለፈበትን ያየ ሰው ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። ቢሆንም ለሠላሳ ምናምን ዓመት ያልጻፈው ነገር ሳይጻፍ ሊቀር ይችል እንደ ነበር ሳስብ ያሳዝነኛል።

እንዲጻፍ ያደረገው ተማሪ ነው። ከሀብቱ ልጆች አንዱ ወልደ ሕይወት፣ በሌላ ስሙ ምትኩ፣ ከልጅነቱ አብሮት አደገ። የመምህሩ ሐሳብ ከሚናገረው በላይ እንደ ሆነ የገባው እሱ ብቻ ይመስላል። እየደጋገመ ጻፍልኝ አለው። ዘርዓ ያዕቆብ 68 ዓመት ሲሞላው፣ በ1667፣ ብዕሩን አነሣና ከልደቱ ጀምሮ ያሳለፈውንና የመረመረውን ጻፈ። ሌላው ዓለም ባይሰማ አንድ ሰው ጠይቆት ነበርና ለእሱ መለሰለት።

ወደ ክርክሩ እንምጣ። ሐተታው ለዓለም የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ በበጌምድር ሲኖር መጽሐፉን አገኘሁ ብሎ ለአንቷን ዳባዲ፣ የግዕዝ ብራናዎችን ይሰበስብ ለነበረው ሊቅ፣ በ1850ዎቹ ላከለት። ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 215 እና 234 ይገኛሉ። ከዚያ የሚቀድም ቅጂ እስከ ዛሬ አልታየም። ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 አሳተመው። በ1920 ግን ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ፣ ድርሰቱ የዳ ኡርቢኖ የራሱ ፈጠራ ነው ብሎ ተነሣ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ዳ ኡርቢኖ ከመመንኮሱ በፊት የነበረው ስም ነው፤ ያኮፖ ይባል ነበር፣ ያዕቆብ ማለት ነው። ሥራውን የደረሰው እሱ ነው የሚል ምስክርነትም ከዚያው ዘመን ሰው ተገኝቷል።

ክርክሩን የቀየሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና እያስተማሩ ከ1974 ጀምሮ በአምስት ቅጾች የኢትዮጵያን የፍልስፍና ጽሑፎች አሳተሙ። የሐተታውን ቋንቋ ከዳ ኡርቢኖ ጽሑፎች ጋር አስተያይተው ይህ ግዕዝ የእሱ ሊሆን አይችልም፣ ባለቤቱ ዘርዓ ያዕቆብ ነው አሉ። በ2013 ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን ጉዳዩን እንደገና አንሥታ የዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ወደሚለው መለሰችው። የእኛው ታላቅ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ቀድሞ ይጠራጠሩ ነበር፤ በ2017 በጻፉት ግን ከመጽሐፉ ሥር ወርቄ የሚባል ኢትዮጵያዊ አለ ወደሚል ሐሳብ አዘነበሉ። በ2022 በኦክስፎርድ በዚሁ ጉዳይ ስብሰባ ተደርጓል፤ አላለቀም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ዘርዓ ያዕቆብን የሚያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ፣ የእኛ ነው፣ ኩራታችን ነው፣ የሚጠራጠር የአገር ጠላት ነው ብሎ ይፎክራል። ሌላው፣ ድሮስ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ሊያስብ ይችላል ወይ በሚል ንቀት ይክዳል። ሁለቱም ገመድ ይዞ ወደ ገደሉ አልወረደም። እኔ በበኩሌ መጽሐፉን ሳነብ የዜማ ቤቱ ሳቅ፣ የሌሊቱ ሽሽት፣ የሒሩት ነገር የኖረበት ሰው ቃል ሆኖ ይሰማኛል። ይሰማኛል ማለት ግን ማስረጃ አይደለም። ክፍል ገብታችሁ ስታስተምሩት፣ ሰምነር ይህን ይላሉ፣ ቪዮን ደግሞ ያን ትላለች በሉ። አክሱም ላይ እሱ እንዳደረገው።

ወልደ ሕይወት የመምህሩን መጽሐፍ ተቀብሎ ዝም ብሎ አላስቀመጠውም። የራሱን ሐተታ ጻፈ። የእሱ ከመምህሩ ይለያል፤ ራሱን ከመተረክ ይልቅ ምክር ይሰጣል፣ ምሳሌና ተረት ያበዛል፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ ያስረዳል። አስተማሪነቱ ከመምህሩ ሳይበልጥ አይቀርም። በዘርዓ ያዕቆብ ድርሰት መጨረሻ ላይም የራሱን ጥቂት መስመር አከለ። መምህሩ መጽሐፉን ከጻፈ በኋላ 25 ዓመት እንደ ኖረ፣ የልጅ ልጆቹን እንዳየ፣ በ93 ዓመቱ እንደ ሞተ የምናውቀው ከዚያች ጽሑፍ ነው።